ድምፅ ሳያሰማ የሚያረጀው አካል፦ የቆየ የጉዞ ሞተር ሳይክል የኋላ አሞርዛተር

በየዓመቱ ከጁን 21 እስከ ሴፕቴምበር 21 ድረስ የዖማን ደቡባዊ ግዛት የሆነችው ዞፋር ኸሪፍ በሚባለው የጉምና የካፊያ ወቅት ትለመልማለች። የቀረው የባሕረ ሰላጤው ምድር በሐሩር ሲጋይ የሰላላ ተራሮች አረንጓዴ ስለሚለብሱ፣ ከጎረቤት አገሮች ጭምር ቤተሰባቸውን የያዙ መንገደኞች ወደዚያ ይጎርፋሉ። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል በሞተር ሳይክል የሚጓዙም ይገኛሉ። ከሙስካት እስከ ሰላላ ያለው ርቀት ወደ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። የመንገዱ አብዛኛው ክፍል ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ በረሓ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ ግን ወደ ተራራው ይወጣና በጉም ውስጥ፣ በረጠበ አስፋልት ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ ማየትም በዚያ አካባቢ የዘወትር ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ጉዞ የሞተር ሳይክልን አንድ አካል በተለይ ይፈትናል፤ ይኸውም የኋላውን አሞርዛተር ነው። ቀጥ ያለው በረሓ የዚህን አካል ድካም ለሰዓታት ሸሽጎ ያቆያል፤ ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ደግሞ በአንድ ጊዜ ያጋልጠዋል። ሞተር ሲታመም ድምፁ ይለወጣል፣ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ይጮኻል፣ ያለቀ ጎማም ለዓይን ይታያል። አሞርዛተር ግን በአንድ ቀን አይሰበርም፤ ዓመት ከዓመት ጥቂት በጥቂት እየደከመ ይሄዳል። ነጂውም ሳያውቀው አነዳዱን ከድካሙ ጋር እያስማማ፣ በመጠምዘዣ ላይ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ጉድጓድን ከሩቅ እየሸሸ ይኖራል። ሞተሩ እንደ ድሮው መሆኑን በሙሉ ልብ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ ድሮ እንዴት እንደነበረ የዘነጋ ሰው ነው። ስለዚህ የዚህ አካል ጤንነት በስሜት ሳይሆን በሙከራና በመለኪያ ሊረጋገጥ ይገባዋል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። በአገራችን ጋራዦች ዕቃው አሞርዛተር የሚባለው ከጣልያንኛ በተወረሰ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም አርጋቢ፣ ግጭትን አለዛቢ እንደ ማለት ነው። በሳዑዲ የመለዋወጫ ገበያ ደግሞ ሙሳዒድ፣ ማለትም ረዳት ይሉታል። ሁለቱም ስሞች እውነትን ይዘዋል፤ ይሁንና ረዳት የሚለው ይበልጥ ትክክለኛ ይመስለናል። የሞተር ሳይክሉንና የተሳፋሪውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነውና። አሞርዛተሩ የሚሠራው ሞላውን መግራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ሞላው ይታመቃል፤ የታመቀውም ጉልበት አይጠፋም፤ ሞላው ወዲያው መልሶ ይዘረጋል፣ ከዚያም እንደገና ይታመቃል። ብቻውን ቢተው ይህ መዋዠቅ ደጋግሞ ይቀጥላል። በሞላው መሐል የተተከለው ሲሊንደር በዘይት የተሞላ ነው። በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ቀጫጭን የብረት ዝርግ ቀለበቶች አሉት። ዘይቱ በእነዚህ ጠባብ መንገዶች እየተጨነቀ ሲያልፍ የሞላው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ረጅም መንገድ ከተነዳ በኋላ አሞርዛተሩን በእጅ የነካ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል።

ዘይቱ በፍጥነት ሲመላለስ አረፋ እንዳይሠራ በዘመናዊዎቹ አሞርዛተሮች ውስጥ ናይትሮጅን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ይታሸጋል። ይህን ባለ አንድ ቱቦ የጋዝ አሠራር ለዓለም ያስተዋወቀው ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ጊዜውም የ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነበር። ናይትሮጅን የተመረጠበት ምክንያት ደረቅ ስለሆነና እንደ ተራ አየር እርጥበትና ኦክስጅን ይዞ ስለማይገባ ነው። ጋዙ በዓመታት ውስጥ በጥቂቱ ያመልጣል፤ ዘይቱም በመፋተግና በሙቀት ብዛት ይቀጥናል፣ በብረት ብናኝም ይቆሽሻል፤ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ይደርቃል። ሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል። የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ቀና ብሎ ስለሚቆም የታመመ አይመስልም።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ሙቀቱ በችግሩ ላይ ይጨመራል። በኩዌት ሚጥሪባ በጁላይ 2016 የአየሩ ሙቀት 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት የተረጋገጠ ነው። ይህ የጥላ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ የሚያርፍበት አስፋልት ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አሞርዛተር ሙቀቱን የሚያስወጣው ከራሱ ወደ ቀዘቀዘ አየር ነውና፣ ከታች አስፋልቱ፣ ከፊት ሞተሩ፣ ከጎን የጭስ ማውጫው ሲያግሉት ዘይቱ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይትም በቀዳዳዎቹ ያለ ድካም ያልፋል። አውሮፓ ውስጥ ገና ጥቂት ዓመት ሊያገለግል የሚችል አሞርዛተር በበጋ ቀን በረሓ አቋርጦ ተራራው ሥር ሲደርስ፣ በሚፈለግበት ሰዓት ከግማሽ ጉልበቱ በታች ሆኖ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ የታወቀ ሞተር ሳይክል እንውሰድ። ቢ.ኤም.ደብሊው አር 1100 አር.ቲ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ተሠርቶ በአር 1150 አር.ቲ. የተተካ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ነው። በብዙ አገሮች ፖሊሶች ተገልግለውበታል። ነዳጁ ተሞልቶ ወደ 280 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በዚህ ላይ ነጂ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰውና የተሞሉ የጎን ሣጥኖች ይጨመሩበታል። ይህ ተጨማሪ ጭነት የሚያርፈው በአመዛኙ በኋላው ጎማ ላይ፣ ጎማውንም ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው በአንድ አሞርዛተር ላይ ነው። የዚህ ሞዴል የመጨረሻዎቹ እንኳ ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሞተሩ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ባለቤቱ ይኮራበታል፤ የኋላው አሞርዛተር ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ከሆነ ስለ ሞተሩ የሚነገረው ሙገሳ እርሱን አይመለከተውም።

ድካሙን ለመለየት የመጀመሪያው ነገር ዓይን ነው። የጎን መሸፈኛው ተነሥቶ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ሲታይ፣ በዘይት የራሰ ወይም ዘይትና አቧራ ተቦክቶ የጋገረበት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ዘይት ማገጃው ሄዷል። ደረቅ ሆኖ መታየቱ ግን ደህንነቱን አያረጋግጥም። ጋዙን አጥቶ ዘይቱን የያዘ ብዙ አለ።

ቀጥሎ የግፊት ሙከራ ይመጣል። ሞተር ሳይክሉ ከማቆሚያው ወርዶ ቀጥ ብሎ ሲያዝ አንድ ሰው የመቀመጫውን ኋላ በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ተጭኖ ድንገት ይልቀቀው። ጤናማ ከሆነ ኋላው በተገታ ፍጥነት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይረጋል። ወደ ላይ ተፈናጥሮ እንደገና ወርዶ ከተነሣ የሚገታው የለም ማለት ነው። ይህ ሙከራ ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት፤ ጠዋት በቀዝቃዛው አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል። አንድ ሌላ አስተማማኝ ምልክትም አለ። በአር 1100 አር.ቲ. አሞርዛተር የታችኛው ጫፍ ላይ የመመለሻውን ፍጥነት የሚቆጣጠር፣ በካቻቢቴ የሚዞር ብሎን ይገኛል። ይህን ብሎን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ በኋላው እንቅስቃሴ ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ በውስጡ የሚቆጣጠረው ነገር አልቀረም።

በመንገድ ላይ የሚታዩት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። በሰፊ መጠምዘዣ ላይ ሞተር ሳይክሉ እንደ ጀልባ ይዋልላል፤ በድልድይ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ የፊት መብራቱ ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በተሰባበረ አስፋልት ላይ ሲፈረምል የኋላው ጎማ ይዘላል፤ ጎማውም እንደ ማዕበል እየተሸራረፈ ያልቃል። ከሁሉ በፊት የሚያማርረው ግን ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው። ነጂው መሪውን ይዟል፣ እግሩ ረግጧል፣ ጉድጓዱንም አስቀድሞ ያየዋል። ከኋላው ያለችው ባለቤቱ ወይም ልጁ ከሦስቱ አንዱንም አላገኙም። ወገባቸውን እንዳመማቸው ሲናገሩ ችግሩ የመቀመጫው ነው ተብሎ ስፖንጅ ሲቀየር ይታያል። እኛ ግን ከየትኛውም መሣሪያ በፊት ይህን ቅሬታ እናምናለን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጉዳይ አለ። ኋላው ዝቅ ማለቱ የሞላው ወይም የሞላው ቅድመ ጫና ጉዳይ እንጂ የማርገቢያው ጉዳይ አይደለም። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲዋልልበት የሞላውን ጫና ይጨምራል፤ ኋላው ይደድራል፣ ለአንድ ሳምንትም የተሻለ ይመስላል። እውነቱ ሲታይ ግን የማይገታ ሞላ ይበልጥ ተወጥሯል፤ መፈናጠሩም ብሷል። ያን ጊዜ ጎማው በጉብታው ማዶ አየር ላይ የሚቆይበት ቅጽበት ይረዝማል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይፈረምልም፤ አይታጠፍምም።

አሞርዛተሩ መሞቱ ከተረጋገጠ ባለቤቱ ሦስት ምርጫ አለው፤ ሁለቱ ጥሩ፣ አንዱ መጥፎ ነው። መጥፎው ርካሹ ነው። በሳዑዲ ታሽሊህ በሚባሉት የአሮጌ ተሽከርካሪ መፍቻ ግቢዎች ከተጋጨ ሞተር የተፈታ አሞርዛተር በጥቂት ሪያል ይገኛል። ነገር ግን ከዚያው ዘመን ሞተር የተፈታው ዕቃ ያንኑ ዕድሜ የኖረ ነው፤ የ25 ዓመትን ዕቃ በ25 ዓመት ዕቃ መተካት ድካምን በድካም መለወጥ ነው። በተጨማሪም ተመሳሳይ የሚመስል ሁሉ ተመሳሳይ አይደለም። የአር 1100 ጂ.ኤስ. የኋላ እንቅስቃሴ 200 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአር.ቲ.ው 135 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ሲለወጥ የሞተር ሳይክሉ ቁመና፣ የመሪው ባሕርይና የካርዳኑ ዘንግ የሚሠራበት ማዕዘን አብረው ይለወጣሉ።

ሁለተኛው ምርጫ የፋብሪካውን ዕቃ አዲስ መግዛት ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለሞዴሉ የታሰበ መሆኑ ጥቅሙ ሲሆን፣ ሲደክም ተፈትቶ እንዲታደስ ታስቦ አለመሠራቱ ጉዳቱ ነው። ሦስተኛው በአሞርዛተር ሥራ ብቻ ከተሰማሩ ድርጅቶች ማዘዝ ነው። በ1976 በስዊድን የተመሠረተውን ኦሊንስን የመሰሉ አምራቾች፣ ሌሎችም በአውሮፓና በእስያ ያሉ፣ የሚፈታና የሚታደስ አሞርዛተር ይሠራሉ። የዚህ ምርጫ ትልቁ ብልጫ ሞላው በነጂው ክብደት ልክ መመረጡ ነው። ስለዚህ በማዘዣው ወረቀት ላይ እውነተኛው ክብደት፣ ከነራስ ቁሩና ከነጃኬቱ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ክብደትና የተለመደው ጓዝ መጠን ሊጻፍ ይገባል። በዚህ ወረቀት ላይ አምስት ኪሎ መቀነስ የሚያታልለው ራስን ብቻ ነው።

አራተኛ ምርጫ አድርገው የሚያቀርቡትም አሉ፤ ይህን ግን ከምርጫ አንቆጥረውም። በአንዳንድ የሰናዒያ ጋራዦች ለመፈታት ያልተሠራውን ሲሊንደር በትሬፓኖ ቀድተው፣ የሞተር ዘይት ሞልተው፣ ቀዳዳውን በብየዳ የሚደፍኑ ይገኛሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ግፊቱ ከ10 ባር ሊበልጥ ይችላል። የመኪና ጎማ ከሁለት ባር ብዙም እንደማይበልጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ትሬፓኖው ግድግዳውን ሲበሳ ጋዙ ትኩስ ዘይትና የብረት ፍቅፋቂ ይዞ ፊት ላይ ይፈነዳል። የብየዳ እሳት ዘይት ወዳለበት ዝግ ዕቃ መቅረቡ ደግሞ የባሰ ነው። በእነዚህ ጋራዦች ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ትእዛዙ ከአሠሪ ቢመጣም እንኳ ይህን ሥራ ላለመሥራት በቂ ምክንያት አላቸው። ያረጀው አሞርዛተርም ከቆሻሻ ጋር በእሳት ውስጥ መጣል የለበትም፤ የሚረከብ የብረት ነጋዴም ጋዝ ያለበት መሆኑ ይነገረው።

አሁን ወደ ለውጡ ሥራ እንግባ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የለመደ መካኒክ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በበጋ ከዐስር ሶላት በኋላ መጀመር ለእጅም ለብረትም ይሻላል። ሞተር ሳይክሉ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ በመሐል ማቆሚያው ይቆማል። ማቆሚያው ወደ ፊት እንዳይታጠፍ ከፊተኛው ጎማ ጋር በጠንካራ ቀበቶ ይታሰራል፤ ይህን የሚዘልል ሰው 280 ኪሎ ግራም ብረት ወደ ፊት ሲሸሽበት ሊያየው ይችላል። የጎን ሣጥኖቹ፣ መቀመጫውና የጎን መሸፈኛዎቹ ይነሣሉ። የኋላው ጎማ በዚህ ሞዴል በአንድ ክንድ ላይ በአራት ቡሎን የታሰረ ስለሆነ መፍታቱ እንደ መኪና ጎማ ቀላል ነው።

አሞርዛተሩ ሳይፈታ በፊት የሞላው ቅድመ ጫና እስከ መጨረሻው ይላላል። በዚህ ሞተር ላይ ጫናው የሚስተካከለው በእጅ በሚዞር ጉብታ ሲሆን፣ ጉብታው ከአሞርዛተሩ ጋር በቀጭን የዘይት ቱቦ ተያይዟል። ቱቦው አይቆረጥም፣ አይፈታምም፤ ጉብታው ከማቀፊያው ወጥቶ ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ ይወጣል። ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሣት በኋላ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ቀጣዩ ደረጃ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። የኋላውን ክንድ ወደ ላይ የሚይዘው አሞርዛተሩ ነው። እርሱ ሲፈታ ክንዱ ከነማርሽ ቤቱ በክብደቱ ወደ ታች ይወድቃል። ሲወድቅም የካርዳኑን መጋጠሚያ የሚሸፍነውን የጎማ ከረጢት ይቀድዳል፤ የፍሬን ቱቦውንና የፍጥነት መለኪያ ሽቦዎቹንም ይስባል። ስለዚህ ቡሎኖቹ ሳይላሉ ከማርሽ ቤቱ ሥር ክሪክ ወይም የእንጨት ድጋፍ ይደረግ፤ ክብደቱም ከቡሎኑ ላይ እስኪነሣ ድረስ ክሪኩ በጥንቃቄ ከፍና ዝቅ ይደረግ። ቡሎኑ በቀላሉ በእጅ መውጣት ከጀመረ ክንዱ በትክክለኛው ከፍታ ላይ ነው። በመዶሻ እየተመታ የሚወጣ ከሆነ ግን ከፍታው አልተስተካከለም ማለት ነውና መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ክሪኩ መመለስ ይሻላል።

አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሳይገባ ያለው ክፍት ጊዜ ውድ ነው። ከዚህ በፊት ያልታየው ሁሉ አሁን ይታያልና። ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች በእጅ ሲንቀሳቀስ ያለ መንገራገጭ ይሄድ እንደሆነ፣ ወደ ጎን ሲወዘወዝ የኩሽኔታዎቹ ክፍተት ይሰማ እንደሆነ ይፈተሽ። በቆየ ሞተር ላይ መዋለልን የሚያመጣው ሁልጊዜ አሞርዛተር ብቻ አይደለም፤ ያለቀ ኩሽኔታ ያለበት ሞተር ላይ ውድ አሞርዛተር መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው። የጎማ ከረጢቶቹ መሰንጠቃቸውም በዚሁ ጊዜ ይታያል።

አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተጋድመው ርዝመታቸው ይለካ፤ የዓይኖቻቸው ስፋትም ይመሳከር። አዲሱ መጀመሪያ በላይኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ በታችኛው ይገባል። ቡሎኖቹ ከዝገት ጸድተው በእጅ ብቻ ይገባሉ። የመጨረሻው ማጥበቂያ የሚደረገው ክብደት በኋላው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ በአሞርዛተሩ ዓይን ውስጥ ያለው የጎማ ቡሽ ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ሞተሩ ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይበጠሳል። የማጥበቂያው ልክ የሚገኘው በጥገና መመሪያው ላይ እንጂ በክንድ ጡንቻ አይደለም፤ መለኪያ ያለው መፍቻ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይቀበል ይመረጣል። የጎማው አራት ቡሎኖችም በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጠብቁ። የጫና ማስተካከያው ቱቦ ከጭስ ማውጫው መራቁና በሹል ማዕዘን አለመታጠፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሬኑ በትክክል መያዙ ሳይረጋገጥ ሞተሩ ከማቆሚያው አይወርድም።

ዕቃው ስለገባ ብቻ ሥራው አላለቀም፤ መስተካከል አለበት። ሜትርና አንድ ረዳት ሰው ይበቃሉ። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጎማው መሐል ጀምሮ በቀጥታ ወደ ላይ፣ በአካሉ ላይ ወደ ተደረገ ምልክት ይለካል። ከዚያም ሞተሩ በራሱ ክብደት ቆሞ፣ በመጨረሻም ነጂው ከነሙሉ ልብሱ ተቀምጦበት ይለካል። ለምሳሌ የመጀመሪያው 600፣ የመጨረሻው 560 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኋላው በ40 ሚሊ ሜትር ሰምጧል ማለት ነው። ለጉዞ ሞተር ሳይክል ተስማሚ የሚባለው ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ከሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ ይህም በ135 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሰላ ከ34 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ በላይ ከሰመጠ ጫናው ይጨመራል፣ ካነሰ ይቀነሳል። ልኩን ለማምጣት ጫናው እስከ መጨረሻው ተወጥሮ፣ ሞተሩም በራሱ ክብደት ጨርሶ የማይሰምጥ ከሆነ ሞላው ለነጂው ለስላሳ ነው፤ መለወጥ ያለበትም ሞላው ነው። ከኋላ ሰው ሲጨመር መለኪያው እንደገና ይወሰዳል፤ ጉብታው ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበትም በወረቀት ይመዘገባል።

የመመለሻው ብሎን ከአምራቹ መነሻ ልክ ተጀምሮ አንድ በአንድ ይሞከራል። ሲላላ ኋላው ይፈናጠራል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ በተከታታይ ጉብታዎች ላይ ሞላው መልሶ ለመዘርጋት ጊዜ ስለማያገኝ ኋላው እየሰመጠ ይሄዳል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ ያታልላል፤ መደደሩ ነጂውን ጥንካሬ ይመስለዋልና። አዲሱ አሞርዛተር ኋላውን ስለሚያነሣው የፊት መብራቱ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ከመግሪብ በኋላ መንገድ ላይ ያለን ግመል በጊዜ ለማየት መብራቱም ከግድግዳ ፊት ቆሞ ይስተካከል።

ስለ ሻጭና ገዢ ደግሞ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። የቆዩ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች በዚህ አካባቢ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም ባለቤቱ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል። አካሉ ይታጠባል፣ ጎማው ይቀባል፣ በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የነበረው ዘይትም በቤንዚን ይጠረጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው፣ ላዩ የደረቀው ውስጡ የራሰ ሆኖ እንዳገኙትና ሻጩን ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ስላላደረገ እንደገሠጹት ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ይታወቃል። የተጠረገ አሞርዛተር ከዚያ ክምር የሚለየው እርጥበቱ የዘይት በመሆኑ ብቻ ነው። ገዢው ጉዳቱን የሚያውቀው ደግሞ በገበያው ሳይሆን ምናልባት ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ በተራራ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ነው። ሸሪዓው ለገዢው በተደበቀ ጉድለት ምክንያት ዕቃውን የመመለስ መብት፣ ኺያር አል-ዐይብ የሚባለውን፣ ሰጥቶታል። ይህ መብት ግን ሻጩ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ በተግባር ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ ኋላውን ተጭኖ ይልቀቅ፤ የመሸፈኛውንም ሥር በባትሪ ይመልከት። ሻጩም አሞርዛተሩ መቼ እንደተቀየረ ያውቅ እንደሆነ ይናገር፤ ካልተቀየረም አለመቀየሩን።

አዲስ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ለረጅም ጉዞ ወዲያው አይነሣም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ በከተማው ዙሪያ ተነድቶ ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሻሉ። ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሞላው ቦታውን ስለሚይዝ የስምጠቱ መለኪያ በድጋሚ ይወሰዳል። ለኸሪፍ የሚዘጋጅ ሰው ሥራውን ከጁን በፊት ቢጨርስ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያገኛል። የተገዛበት ደረሰኝ፣ የተገጠመበት ቀን፣ በዚያ ቀን ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥርና የማስተካከያዎቹ ልክ በአንድ ፖስታ ተደርገው ከመቀመጫው ሥር፣ ከመፍቻዎቹ ጋር ይቀመጣሉ።